ስለ አሮጌ የድራግ መኪና መታደስ፤ ከታሪክ ማስረጃ አንጻር

አሮጌ የእሽቅድምድም መኪና የሚያድሱ ሰዎች ስለ ሥራቸው ሲጠየቁ ዘወትር የሚሰጡት መልስ አንድ ነው፤ «መኪናውን እንደ ጥንቱ አደረግነው» ይላሉ። ይህ አነጋገር ከፋብሪካ ወጥቶ ብዙ ዘመን በአንድ ባለቤት እጅ ለቆየ አውቶሞቢል ችግር የለበትም፤ ፋብሪካው ያወጣው መልክ የታወቀ ነውና። ነገር ግን ድራግ ሬሲንግ በሚባለው የአሜሪካ ውድድር ላይ ለዋለ መኪና «ጥንቱ» የትኛው ነው? ቅዳሜ ያሸነፈበትም፣ እሑድ የተቃጠለበትም፣ በሳምንቱ ተበይዶና ሌላ ሞተር ተጭኖበት የተመለሰበትም ሁሉ የመኪናው ጥንት ነው። በዚህ ጽሑፍ ልንመረምረው ያሰብነው ይህንኑ ጥያቄ ነው። አስተያየታችንንም አስቀድመን እንገልጻለን፤ እንዲህ ያለውን መኪና የሚያድስ ሰው ከመኪናው ዕድሜ አንዱን ቀን ይመርጣል፤ አንዱን ቀን ሲመርጥም የቀሩትን ቀኖች ማስረጃ በገዛ እጁ ሊያጠፋ ይችላል። (በዚህ ጽሑፍ የሚገኙት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ድራግ ሬሲንግ ማለት ሁለት መኪናዎች ጎን ለጎን ከቆሙበት ተነሥተው በቀጥታ መንገድ ላይ ማን ቀድሞ እንደሚደርስ የሚለይበት ውድድር ነው። ኩርባ የለበትም፤ ነገሩ ሁሉ በጥቂት ሰከንድ ያልቃል። ርቀቱ በልማድ የአንድ ማይል ሩብ፣ ማለት 402 ሜትር ያህል ነው፤ ከ2008 ወዲህ ግን በኒትሮሜቴን የሚሮጡት ታላላቆቹ ክፍሎች ለደኅንነት ሲባል በ305 ሜትር እንዲወሰኑ ተደርጓል። ውድድሩ የተስፋፋው ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በደቡብ ካሊፎርኒያ ነው። ከጦርነቱ በፊት ወጣቶቹ መኪናቸውን የሚፈትኑት ውኃቸው በደረቀ ሐይቆች ወለል ላይ ነበር። ጦርነቱ ካለቀ በኋላ ግን ሥራ የፈታ የአውሮፕላን ሜዳ በየቦታው ተገኘ። በ1950 በሳንታ አና የአውሮፕላን ማረፊያ የመግቢያ ዋጋ እየተከፈለ የሚታይ ውድድር ተጀመረ። በ1951 ሚስተር ዋሊ ፓርክስ ናሽናል ሆት ሮድ አሶሲዬሽን የተባለውን ማኅበር አቋቋሙ፤ ማኅበሩም የመጀመሪያውን አገር አቀፍ ውድድር በ1955 በካንሳስ በግሬት ቤንድ ከተማ፣ ቀድሞ የጦር አውሮፕላን ሰፈር በነበረ ሜዳ ላይ አካሄደ።

አንባቢ ልብ ሊለው የሚገባው ነገር የእነዚህ መኪናዎች አወላለድ ነው። ሠሪዎቻቸው አብዛኞቹ ባለጋራዦችና መካኒኮች ነበሩ፤ የሚሠሩትም ከወዳደቀ ዕቃ ነበር። ሞተሩ ከከባድ የክራይስለር የቤት አውቶሞቢል ይወጣል። አየር በግፊት ወደ ሞተሩ የሚነፋው መሣሪያ፣ ማለት ሱፐርቻርጀሩ፣ ጀነራል ሞተርስ ለናፍጣ ሞተር ያወጣው 6-71 የሚባለው ነው፤ 6 የሲሊንደሮቹ ቁጥር ሲሆን፣ 71 የእያንዳንዱ ሲሊንደር ይዘት በኪዩቢክ ኢንች ነው። ይህ ሞተር በከባድ መኪና፣ በአውቶቡስና በጦርነቱ ጊዜ ወታደር ወደ ባሕር ዳር በሚያወርዱ ጀልባዎች ላይ ያገለግል ነበር። እንግዲህ የድራግ መኪና ገና ሲወለድ የሌሎችን ልብስ ለብሶ የተወለደ ነው። «ኦሪጂናል ዕቃ» የሚለው የነጋዴዎች ቃል እዚህ ላይ ምን ያህል እንደሚያሳስት ከዚህ ይታያል።

ነገሩን በአንድ ታዋቂ መኪና እንመልከተው። የፍሎሪዳው ተወላጅ ሚስተር ዶን ጋርሊትስ በ1950ዎቹ አጋማሽ በታምፓ ከተማ አንድ መኪና ሠሩ። ሻንሲው ከ1931 ሼቭሮሌት የተወሰደ፣ ሞተሩ ክራይስለር ነበር። ፍሎሪዳ ረግረግ የበዛበት አገር ነውና መኪናው በኋላ «ስዋምፕ ራት»፣ ማለት «የረግረግ አይጥ» ተባለ፤ ተከታዮቹም በዚያው ስም በተራ ቁጥር ተጠሩ። በኅዳር ወር 1957 ይኸው 1ኛው የረግረግ አይጥ በፍሎሪዳ በብሩክስቪል ሜዳ በሰዓት 176.40 ማይል፣ ማለት 284 ኪሎ ሜትር ገደማ ሮጠ ተብሎ ተመዘገበ። በዚያን ጊዜ የፍጥነት ነገር ሁሉ የኛ ነው ይሉ የነበሩት ካሊፎርኒያውያን ወሬውን ለማመን ተቸገሩ፤ የተሳሳተው ሰዓቱ ነው ያሉም ነበሩ። ያን ቀን መኪናው በሞተሩ ላይ ስምንት ካርቡራቶር ደርድሮ ነበር እንጂ ሱፐርቻርጀር አልነበረውም። በመጋቢት 1959 ሚስተር ጋርሊትስ ወደ ካሊፎርኒያ ተሻግረው በቤከርስፊልድ ሲወዳደሩ ግን በካርቡራቶር ብቻ መቋቋም እንደማይቻል ታየ፤ ስለዚህ ሱፐርቻርጀር ተጫነበት። በዚያው ዓመት በሰኔ በደቡብ ካሮላይና በቼስተር ሱፐርቻርጀሩ ፈንድቶ እሳት ተነሣ፤ ነጂውም ክፉኛ ተቃጥለው ሆስፒታል ገቡ። እርሳቸው ሲታከሙ መኪናውን ሚስተር አርት ማሎን ነዱት።

እንግዲህ አንድ አዳሽ እንዲህ ያለ ታሪክ ያለው መኪና በእጁ ቢገባ ወደ የትኛው ይመልሰው? የ1957ቱን ከመረጠ ስምንቱን ካርቡራቶሮች መመለስና ሱፐርቻርጀሩን ማውረድ አለበት፤ ይህን ሲያደርግ የቤከርስፊልድን ትምህርትና የቼስተርን እሳት ከመኪናው ላይ ይፍቃል። የ1959ኙን ከመረጠ ደግሞ ካሊፎርኒያውያን ያላመኑትን ያን የብሩክስቪልን ሩጫ የሮጠው ዕቃ አይታይም። ሁለቱንም ባንድነት ማሳየት አይቻልም። ብዙ ጊዜ የሚመረጠው መኪናው ስመ ጥር የሆነበት ዓመት ነው፤ ምርጫው ከሰው ልማድ ጋራ የሚስማማ ነው፤ እኛ ግን ለታሪክ ተማሪ ሽንፈቱና እሳቱ ይበልጥ ያስተምሩታል እንላለን። ካርቡራቶር ለምን ተተወ ለሚለው ጥያቄ መልስ የሚሰጠው የድል ቀን አይደለምና።

በአገራችን የብራና መጻሕፍት ላይ የሠራ ሰው ይህን በቀላሉ ይረዳዋል። በወንጌል መጽሐፍ ባዶ ገጽና ኅዳግ ላይ የተጻፈ የጉልት ወይም የርስት መዝገብ ከወንጌሉ ቃል ጋራ የሚያገናኘው ነገር የለም፤ መጽሐፉን ሊያሳምር ብሎ ኅዳጉን የሚከረክም ጠራዥ ግን የአንድ አውራጃ ታሪክ ይዞ ይሄዳል።

ወደ መኪናው እንመለስና፣ አዳሹ ቀን ከመረጠ በኋላ ያ ቀን ምን ይመስል እንደ ነበረ በምን ያውቃል? ፎቶግራፍ አለ። ሆት ሮድ የተባለው መጽሔት ከ1948 ጀምሮ፣ ድራግ ኒውስ የተባለው ጋዜጣም ከ1955 ጀምሮ ይታተሙ ስለ ነበረ ሥዕል አይታጣም። ይሁን እንጂ ፎቶግራፍ አንሺው የሚያነሣው መኪናው ሲነሣ፣ ጎማው ሲጨስ፣ ነጂው ዋንጫ ሲቀበል ነው፤ የፍሪሲዮኑ ቤት በስንት ቡሎን እንደ ታሰረ ለማሳየት ብሎ ጎንበስ የሚል የለም። ደግሞም በጥቁርና ነጭ ሥዕል ላይ ቀይና አረንጓዴ አንድ ዐይነት ግራጫ ሆነው ሊታዩ ይችላሉ። የሽማግሌዎች ቃልም አለ፤ ይህ ምስክርነት ክቡር ቢሆንም፣ በየሳምንቱ ይለዋወጥ የነበረን ዕቃ ከአምሳና ስልሳ ዓመት በኋላ በቀን ለይቶ ማስታወስ ለማንም ሰው ከባድ ነው። አንድን መኪና የነዳውና የጠገነው ሰው ስለ ቀለሙ ሳይስማሙ ቢቀሩ ሁለቱም እውነት ተናግረው ሊሆን ይችላል፤ ያስታወሱት የተለያየ ወር ነው።

ስለዚህ ከሁሉ በላይ የሚታመነው ምስክር ራሱ ብረቱ ነው። በሻንሲው ቱቦ ላይ ያለ ሥራ የፈታ ቀዳዳ አንድ ጊዜ እዚያ የታሰረ ነገር እንደ ነበረ ይናገራል፤ የነዳጅ ጋን ይሁን፣ የመሪ ድጋፍ ይሁን ከቀዳዳዎቹ ርቀትና ከፎቶግራፉ ጋራ አስተያይቶ መለየት ይቻላል። ቀለሙ በጥሩ የብርጭቆ ወረቀት ቀስ ተብሎ በአንድ ትንሽ ሥፍራ ቢፋቅ ንብርብሩ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ይታያል፤ ከላይ ያለው የኋለኛው ባለቤት ነው፣ ከሥር ያለው የፊተኛው። የብየዳው ጉዳይ ደግሞ ከሁሉ የሚደንቅ ነው። ልምድ ያለው በያጅ የሌላውን በያጅ እጅ እንደ ጽሕፈት ይለያል።

ለዚህ አንድ ምሳሌ እንጥቀስ። በ1962 ግሪር-ብላክ-ፕሩዶም የተባለ መኪና በካሊፎርኒያ ተሠርቶ ብዙ ድል አገኘ። ስሙ የሦስት ሰዎች ስም ነው፤ ገንዘቡን ያወጡት ቶም ግሪር፣ ሞተሩን ያዘጋጁት ኪት ብላክ፣ ነጂው ዶን ፕሩዶም ናቸው። ሻንሲውን የሠሩት ኬንት ፉለርና አካሉን ከአሉሚኒየም ላሜራ የቀጠቀጡት ዌይን ኢዊንግ ግን በስሙ ውስጥ አልገቡም። የእነርሱ ፊርማ ብየዳውና ላሜራው ነው። ይህ መኪና ዛሬ ታድሶ ይገኛል። በዚህ ዐይነት ሻንሲ ላይ ያለውን ብየዳ በሞላ አለስልሶ፣ አሳምሮ፣ በክሮም የሚያንጸባርቅ አዳሽ ሳያውቀው የሠሪውን ስም ይፍቃል ማለት ነው። ዛሬ በየትርኢቱ ከሚታዩት የታደሱ መኪናዎች አንዳንዶቹ በወጣትነታቸው ኖሯቸው የማያውቅ ጥራት ይታይባቸዋል፤ እኛ ይህን ጥራት እንደ ክብር አንቈጥረውም።

በሌላ በኩል የአዳሹን ችግር አለማየት ፍርደ ገምድልነት ይሆናል። ከ1950ዎቹ መጨረሻ ወዲህ ብዙ ሻንሲዎች የተሠሩት ክሮምና ሞሊብዲነም ከተቀላቀለበት ስስ የብረት ቱቦ ነው፤ ቱቦው ከውጭ ቀለም ቢቀባም ከውስጥ ይዝጋል። ከውጭ ደኅና የሚመስለው ሻንሲ ግድግዳው እንደ ወረቀት ሳስቶ ሊገኝ ስለሚችል በድምፅ ሞገድ በሚሠራ መለኪያ ከቦታ ቦታ ውፍረቱን መለካት ያስፈልጋል። ቸርኬውና የዲፈረንሻሉ ቤት ብዙ ጊዜ ከማግኔዚየም የተሠሩ ናቸው፤ ይህ ብረት ቀላል በመሆኑ ተመረጠ እንጂ እርጥበት ሲያገኘው ነጭ ዱቄት እያበቀለ ይበላል። ስንጥቅ የሚያወጣ ቀለም ተቀብቶ ሳይመረመር ጎማ ማሰር ነፍስ ማስያዝ ነው።

ሞተሩማ ከሁሉ የባሰ ነው፤ ምክንያቱም ነዳጁ ነው። ኒትሮሜቴን በኢንዱስትሪ ውስጥ እንደ ማሟሚያም የሚያገለግል ፈሳሽ ሲሆን፣ በውስጡ ኦክሲጅን ስላለ ለመቃጠል የሚፈልገው አየር ጥቂት ነው። አንድ ኪሎ ቤንዚን 14.7 ኪሎ ያህል አየር ሲፈልግ፣ ለአንድ ኪሎ ኒትሮሜቴን 1.7 ኪሎ ያህል ይበቃዋል። ስለዚህ ኪሎ ለኪሎ ሲመዛዘን ሙቀቱ ከቤንዚን በጣም ያነሰ ቢሆንም፣ በአንድ ትንፋሽ አየር ብዙ እጥፍ ነዳጅ ማቃጠል ስለሚቻል የሞተሩ ኃይል ከሁለት እጥፍ በላይ ይሆናል። ዋጋውን የሚከፍሉት ፒስተኑ፣ ቢየላውና የሞተሩ አካል ናቸው። ፒስተን ይቀልጣል፣ አካሉ ይሰነጠቃል፤ በአንድ የውድድር ዘመን አንድ መኪና ብዙ ሞተር ሊጨርስ ይችላል። ማኅበሩ ከ1957 ጀምሮ ለጥቂት ዓመታት በኒትሮሜቴን መወዳደርን መከልከሉም ያለ ምክንያት አልነበረም። ከዚህ የተነሣ ዛሬ በታደሰ መኪና ላይ የምናየው ሞተር ያን ዝነኛ ቀን የሮጠው ነው ተብሎ ሲነገረን ማስረጃ መጠየቅ ይገባናል። በዚያው ዓመት የወጣ፣ ያው ዐይነት ሞተር ነው ቢባል ግን ንግግሩ ቅን ነው፤ ለአንባቢም ለተመልካችም ይበቃል።

ሌላም ፈተና አለ። የድራግ መኪና ዋጋው የሚጠፋው ሲያረጅ ሳይሆን ገና ሳያረጅ ሲበለጥ ነው። አንዱ ሞዴል ሲያልፍበት ሞተሩ ወጥቶ ወደ አዲሱ ይሄዳል፤ ባዶው ሻንሲ በርካሽ ይሸጣል፤ የገዛውም ያሳጥረዋል፣ ያስረዝመዋል፣ ዝቅ ባለ ክፍል ይወዳደርበታል፤ በመጨረሻ ከጋራዥ ጀርባ ይጣላል። ከአርባ ዓመት በኋላ የፊተኛው ግማሽ በአንድ ሰው፣ የኋለኛው ግማሽ በሌላ ሰው እጅ ቢገኝ፣ እያንዳንዱም የጎደለውን አዲስ ሠርቶ «ዋናው የኔ ነው» ቢል ማን ይፈርዳል? ጥያቄው የገንዘብ ጥያቄም ነው፤ የታወቀ ስም ያለው መኪና ዋጋው ከፍ ያለ በመሆኑ ማስረጃን ለማጣመም የሚፈትን ነገር አለ። በእኛ አስተያየት «ዋናው» የሚለው ቃል ቀርቶ የትኛው ቱቦ አሮጌ፣ የትኛው አዲስ እንደ ሆነ በሥዕልና በጽሑፍ ቢገለጽ ሁለቱም ሰዎች እውነተኞች ሆነው ሊኖሩ ይችላሉ።

የማይታይ ነገር ምን ያህል ታሪክ እንደሚሸከም ለማስረዳት ደግሞ ወደ ሚስተር ጋርሊትስ እንመለሳለን። በ8 መጋቢት 1970 በካሊፎርኒያ በሎንግ ቢች አጠገብ በነበረው በላየንስ ሜዳ 13ኛው የረግረግ አይጥ ገና ከመነሻው ካምቢዮው ፈነዳ። መኪናው ከሁለት ተቈረጠ፤ የነጂውም የቀኝ እግር ፊተኛው ክፍል ተቈረጠ፤ አንድ ተመልካችም ክፉኛ ቈሰለ። በዚያን ጊዜ ነጂው የሚቀመጠው ከሞተሩ ኋላ፣ እግሮቹን ከካምቢዮው ግራና ቀኝ ዘርግቶ ነበር፤ የሚፈነዳው ሁሉ በእርሱ ላይ ይፈነዳል። ሚስተር ጋርሊትስ ሞተሩን ከነጂው ኋላ የማስቀመጥን ነገር ያሰቡት የመጀመሪያው ሰው አልነበሩም። ሌሎች ሞክረውት መኪናው በቀጥታ አልሄድ ብሏቸው ነበር። የርሳቸውም አዲስ መኪና በፈተና ጊዜ አስቸገረ፤ መፍትሔው የተገኘው የመሪውን አሠራር በማዘግየት ነው፤ መሪው ብዙ ሲዞር ጎማው ጥቂት እንዲዞር ተደረገ። በ1971 በፖሞና በተደረገው የክረምት ውድድር 14ኛው የረግረግ አይጥ አሸነፈ፤ ከጥቂት ዓመታት በኋላም ሞተር ከፊት የሚጭኑ መኪናዎች ከዋናው ክፍል ጠፉ።

ከዚያ ዘመን መኪናዎች አንዱን የሚያድስ ሰው ቀለሙንና ጽሕፈቱን በጥንቃቄ መልሶ፣ በመሪው ሳጥን ውስጥ ግን በእጁ የተገኘውን ጥርስ ቢያስገባ ማንም ተመልካች አያውቅበትም። ይሁንና ያ የማይታይ ጥርስ ነው የመኪናውን ዘመን ከሌላው ዘመን የለየው። እንዲሁም ከሁለት የተሰበረ ሻንሲ ተገጣጥሞና ተለስልሶ ስብራቱ ቢጠፋ፣ የሚቀጥለው መኪና ለምን እንደዚያ ሆኖ እንደ ተሠራ ለመናገር ቃል ብቻ ይቀራል።

በመጨረሻ፣ የታደሰው መኪና ሞተሩ ይነሣ ወይስ ጸጥ ብሎ ይቀመጥ የሚል ክርክር አለ። በ1986 ከ272 ማይል፣ ማለት ከ438 ኪሎ ሜትር በላይ የሮጠው 30ኛው የረግረግ አይጥ በ1987 በዋሽንግተን ለሚገኘው ለስሚትሶኒያን ተቋም ተሰጠ፤ ቤተ መዘክር የተቀመጠ ዕቃ ደግሞ እንደ መጽሐፍ ይነበባል እንጂ ሥራ አይሠራም። በተቃራኒው በቤከርስፊልድ አጠገብ በፋሞሶ ሜዳ ከ2000 ጀምሮ ካክልፌስት፣ «የካካታ በዓል» እንደ ማለት፣ የሚባል ትርኢት ተጀመረ፤ በ1960ዎቹ ውድድር ላይ የነበሩ የታደሱ መኪናዎች ይሰለፋሉ፣ ሞተራቸውም በኒትሮሜቴን ይነሣል፤ አይወዳደሩም። እነዚህ መኪናዎች ሞተር ማስነሻ ስለሌላቸው ሌላ መኪና ከኋላ እየገፋቸው ነው የሚነሡት። ነጂው መቼ ፍሪሲዮኑን እንደሚለቅ፣ የዘይቱ ግፊት ስንት ሲደርስ ማግኔቶውን እንደሚከፍት በጽሑፍ ሊነገር ይቻላል፤ ነገር ግን እጅ ለእጅ የሚተላለፍ እውቀት ነው፤ የሚያውቁትም ሰዎች በዕድሜ የገፉ ናቸው። ድምፁም ቢሆን፣ ከጭስ መውጫው የሚወጣው ነበልባልና ዐይን የሚያስለቅሰው ጭስም ቢሆን፣ ከዚያ ዘመን የቀረ ማስረጃ ነው።

እኛ በዚህ ክርክር ወደ ሁለተኛው ወገን እናዘነብላለን፤ ሆኖም ያለ ገደብ አይደለም። ነዳጁ ብረት ይበላል፤ ከተነሣ በኋላ መሥመሩና ሞተሩ ወዲያው ታጥቦ ዘይት ካልጠጣ ዝገቱ ይከተላል። ኃይል የሚሸከሙት ክፍሎች፣ ማለት ቢየላ፣ የፍሪሲዮን ቤት፣ የቸርኬ ቡሎን፣ በአዲስ ይተኩ፤ ሰው አጠገባቸው ይቆማልና። የተነሣው አሮጌ ዕቃ ግን ከየትኛው ሥፍራ እንደ ወጣና መቼ እንደ ወጣ በትንሽ ወረቀት ተጽፎበት፣ ሳይታጠብና ሳይቀባ ይቀመጥ። ተቈርጦ የወጣ አንድ ክንድ የሚያህል የዛገ ቱቦ ከጋራዡ ግድግዳ ላይ ቢሰቀል ቦታ አያጣብብም።